ገብቷል ወይስ አልገባም? ዳኛ በሌለበት ሜዳ



ውድ እህትና ወንድሞቻችን፣ የዛሬው ትምህርት ስለ ልጆች የኳስ ጨዋታ ነው። «ሚድ ደርሶ ስለ ኳስ?» የምትሉ እንደማትጠፉ እናውቃለን። ታገሱን። ከትምህርቱ ጋር የራሳችንን ጥፋትም ስለምንናገር ቢያንስ ለእሱ ብላችሁ ታነባላችሁ።

እንደምታውቁት ቅዳሜ ቅዳሜ የተወሰንን ልጆች ከካምፓስ ወጥተን ወደ ኮዬ ፈጬ እንሄዳለን። ከዙህር በኋላ ሕፃናቱን እናቀራለን፣ ዐስር ከሰገድን በኋላ ደግሞ ኳስ እናጫውታቸዋለን። ሜዳ የምንለው በብሎኮች መካከል የቀረውን ባዶ ቦታ ነው። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጫማ ከእግር የሚነቅል ጥቁር አፈር ነው። ጎሉ በሁለቱም በኩል ሁለት ሁለት ድንጋይ ነው። ቋሚ የለም፣ አግዳሚ የለም፣ መረብ የለም፣ ዳኛም የለም።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት የእኛ ልጆች ከጎን ካለው ብሎክ ልጆች ጋር ተጫወቱ። 3 ለ 2 እየመራን ነበር። መግሪብ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከእነሱ አንዱ ከሩቅ መታ፤ ኳሷ በግራው ድንጋይ በኩል አለፈች። በውስጥ ነው ወይስ በላዩ? ግማሹ «ገብቷል!»፣ ግማሹ «አልገባም!» እያለ ጩኸት ሆነ። ከድንጋዩ አጠገብ የቆመው የእኛው ተከላካይ ነበር፤ ገና አሥራ አንድ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። «ገብታለች፤ በውስጥ ነው ያለፈችው» አለ። የራሱ ቡድን ልጆች ዞረው ጮኹበት። በዚህ መሀል ዳር ቆመን ከምናይ ከእኛ አንዱ፣ «አንተ ዝም በል! ማን ጠየቀህ?» አለው። ልጁ ዝም አለ። ጎሉ ሳይቆጠር ቀረ፣ አዛን ሆነ፣ «አሸንፈን» ተበተንን።

ማን እንደጮኸ አንጽፍም። ሁላችንም እዚያው ቆመን ነበር፤ ማናችንም «ተው» አላልንም። ስለዚህ «እኛ ጮኽንበት» ብንል አልዋሸንም። በዚያው ቀን ከዙህር በኋላ ለልጆቹ ያስተማርነው ስለ ሲድቅ፣ ስለ እውነተኛነት ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጁ አልመጣም።

ይህ ነገር ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክነን ሰነበተ። ከዚያ ቁጭ ብለን ተነጋገርንበት፤ ያነበብነውንና የተነጋገርነውን ነው እዚህ የምናካፍላችሁ።

ከድንጋዩ ጎል እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1863 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያው የእግር ኳስ ማኅበር ሕግ ሲጻፍ ጎሉ ሁለት ቋሚ ብቻ ነበር፤ በመካከላቸው ስምንት ያርድ፣ ማለትም 7.32 ሜትር፣ ከላያቸው ግን አግዳሚ አልነበረም። ሕጉ ስለ ዳኛም አንድ ቃል አይናገርም። ክርክር ሲነሳ አምበሎቹ ተነጋግረው ይፈቱት ነበር። በኋላ እያንዳንዱ ቡድን የየራሱን አንድ አንድ ተመልካች ዳኛ ማቆም ጀመረ፤ ዛሬ የምናውቀው ፊሽካ የያዘ ባለሙሉ ሥልጣን ዳኛ ሜዳ ውስጥ የገባው ግን በ1891 ነው። ሪጎሬም በዚያው ዓመት ነው የመጣው። እንግዲህ የኮዬ ፈጬ ልጆች ዛሬም የሚጫወቱት የ1863ቱን ኳስ ነው ማለት ይቻላል፤ ሁለት ቋሚ፣ ሁለት አምበል፣ ቀሪው በተጫዋቹ ምላስ ላይ።

የዚህ ጨዋታ ክብደቱም እዚህ ላይ ነው። ዳኛ ባለበት ሜዳ ተጫዋቹ «ዳኛው አላየም» ብሎ ራሱን ማሳመን ይችላል። ዳኛ በሌለበት ግን ኳሷ እጁን መንካቷን የሚያውቀው ራሱ ነው፤ ማኖ ነው ወይም አይደለም የሚለውም ራሱ ነው። ተከሳሹም ምስክሩም አንድ ሰው ነው። በሱረቱ አን-ኒሳእ 135ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ያመኑትን በፍትሕ ላይ እንዲቆሙ ያዛል፤ ምስክርነቱ በራሳቸው፣ በወላጆቻቸው ወይም በቅርብ ዘመዶቻቸው ላይ ቢሆን እንኳ። ይህን አንቀጽ በመድረሳ ስንቀራ ፍርድ ቤት የቆመ ትልቅ ሰው ነበር የሚታየን። ያ ልጅ ግን በድንጋዩ አጠገብ ቆሞ፣ ቡድኑ እየመራ፣ ጓደኞቹ እያፈጠጡበት በራሱ ላይ መሰከረ። አንቀጹን በሥራ ተረጎመው፤ ዝም ያሰኘነው እኛ ነን።

ኮዬ ፈጬ ደግሞ ነገሩን የሚያከብድ የራሱ ባሕርይ አለው። በድሮ ሰፈሮች የኳስ ሕግ ከታላላቅ ወንድሞች ይወረሳል፤ «እዚህ ሰፈር እንዲህ ነው» ከተባለ አለቀ። ኮዬ ፈጬ ግን ዕጣ ያገናኘው ሰፈር ነው። አንዱ ልጅ ከመርካቶ፣ አንዱ ከኮልፌ፣ አንዱ ከሳሪስ መጥቷል፤ ቦታው የእርሻ ማሳ ሳለ ጀምሮ እዚያው የኖሩ ቤተሰቦች ልጆችም አብረው ይጫወታሉ። ሁሉም የየራሱን ሕግ ይዞ ነው የመጣው። ለአንዱ ሦስት ኮርነር አንድ ሪጎሬ ነው፤ ሌላው እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም። ለአንዱ ከበረኛው ወገብ በላይ ያለፈች ኳስ ጎል አይደለችም፤ ለሌላው በረኛው ዘሎ እስከሚደርስበት ድረስ ጎል ነው። ስለዚህ ከጭቅጭቁ ግማሹ ማጭበርበር አይደለም፤ ሳይነጋገሩ መጀመር ነው። ሱረቱ አል-ማኢዳህ የሚከፈተው ውሎችን ሙሉ በሚል ትእዛዝ ነው፤ ውል ለመሙላት ደግሞ መጀመሪያ ውል መኖር አለበት። አሁን ልጆቹ ከመጀመራቸው በፊት ሁለት ደቂቃ ሰጥተን «ከፍታው እስከ የት ነው? ኮርነር አለ? በረኛ ይቀያየራል?» ብለው እንዲስማሙ እናደርጋለን። የሚገርመው፣ ራሳቸው ያወጡትን ሕግ ከእኛ ትእዛዝ ይልቅ ያከብሩታል።

ቀሪው ግማሽ ግን ማጭበርበር ነው፣ እሱንም አይተነዋል። በረኛ ሆናችሁ ተጫውታችሁ የምታውቁ ወንድሞች ታውቁታላችሁ። ሁሉም ኳሷን ተከትሎ ወደዚያኛው ጫፍ ሲሮጥ በረኛው ድንጋዩን በጫማው ጫፍ ትንሽ ወደ ውስጥ ገፋ ያደርገዋል። አምስት ሳንቲ ሜትር፣ ከዚያ ሌላ አምስት። ዕረፍት ላይ አንዱ ጎል ስድስት እርምጃ፣ ሌላው አራት ተኩል ሆኖ ይገኛል። የወጣ ኳስም እንዲሁ ነው። ሲጠቅመን «ወጥቷል»፣ ሲጎዳን «መስመር የለም እኮ» እንላለን። ሱረቱል ሙጠፊፊን የሚከፈተው በእነዚህ ሰዎች ወየሁ በማለት ነው፤ ከሰው ሲሰፍሩ ሞልተው የሚወስዱ፣ ለሰው ሲሰፍሩ ግን የሚያጎድሉ። ይህን ሁልጊዜ ስለ ነጋዴና ስለ ሚዛን ስንሰማ ነው ያደግነው። ድንጋዩን የሚገፋው በረኛም ሚዛን ነው ያጎደለው፤ ለራሱ ሲሆን ሙሉ፣ ለሌላው ሲሆን ጎደሎ።

(በነገራችን ላይ ይህ የልጆች ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። እኛ ኢንጂነሪንግ የምንማረው ያልሠራነውን የላብ ሙከራ ቁጥር ከጓደኛ ሪፖርት ላይ ስንገለብጥ ምን እያደረግን ነው? ነገ የኮንክሪት ኪዩብ በ28 ቀኑ ተሰብሮ የሚወጣው ቁጥር ላይ የምንፈርመው እኛው ነን። ከዚያ ወለል በላይና በታች የሚተኛ ቤተሰብ አለ። ቁጥሩ ትንሽ ሲያንስ በጫማ ጫፍ ገፋ የማድረግ ልማድ የሚጀምረው የት ይሆን?)

አገራችንም ይህን ፈተና በትልቁ አይታለች። በ2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሲጫወቱ እኛ አሥር ዓመት ገደማ ነበርን። ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፍን፣ ሰኔ 9 ቀን አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፍን። ያ ቀን የነበረውን ጭፈራ የማያስታውስ የለም። ደስታው ሳይበርድ ግን ከቦትስዋና ጋር በተደረገው ጨዋታ በሁለት ቢጫ መቀጣት የነበረበት ተጫዋች መሰለፉ ተሰማ። ፌዴሬሽኑ ስህተቱን አመነ። ፊፋ ሦስት ነጥብ ቀነሰ፣ ጨዋታውም ለቦትስዋና 3 ለ 0 ተመዘገበ። በዚያን ጊዜ ትልልቆቹ ሰዎች «ማን አጋለጠ?» እያሉ ሲበሳጩ እንሰማ ነበር። አሁን ስናስበው ጥያቄው የተገላቢጦሽ ነበር። ማን አጋለጠ ሳይሆን ለምን ተሰለፈ ነበር መባል ያለበት። ከዚያስ? ጳጉሜን 2 ቀን ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈው ዋልያዎቹ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሱ። የተቀነሰው ነጥብ ተቀንሶም መድረስ የሚገባቸው ቦታ ደረሱ። በመጨረሻው ዙር ናይጄሪያ አሸነፈችን፤ ይህ የኳስ ነገር ነው።

ከዓለም ኳስ ደግሞ ልጆቹ የሚወዱትን አንድ ታሪክ እንነግራቸዋለን። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2012 የላዚዮው ሚሮስላቭ ክሎዘ በናፖሊ ላይ ጎል አገባ፤ ኳሷ የገባችው በእጁ ነበር። ዳኛው አላየም፣ ጎሉን አጸደቀ። ክሎዘ ራሱ ሄዶ «በእጄ ነው» አለው፣ ጎሉም ተሻረ። ላዚዮ በዚያ ጨዋታ 3 ለ 0 ተሸነፈ። ይህን ስንነግራቸው አንዱ ልጅ «ታዲያ ምን ጠቀመው?» ብሎ ጠየቀን። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እንዳይጠየቅ ማፈን የለብንም። እውነት የተናገረ ሁልጊዜ ያሸንፋል ብለን ለልጅ ብንነግረው ውሸት ነገርነው ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሜዳው ራሱ ያጋልጠናል። ክሎዘ ያን ቀን ተሸነፈ። እኛም ለልጁ እንደዚያው ነገርነው፤ «ተሸነፈ፣ ግን አልሰረቀም።»

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ውድድር ያስተማሩትን ስንፈልግ ያገኘነው ከጠበቅነው በላይ ነው። ሦስቱን ብቻ እናንሳ።

ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የፈረስ ውድድር ሲያዘጋጁ ፈረሶቹን ሁሉ በአንድ መስመር አላሰለፏቸውም። ለውድድር የሠለጠኑት ከሐፍያእ እስከ ሠኒየቱል ወዳዕ፣ ያልሠለጠኑት ደግሞ ከሠኒየቱል ወዳዕ እስከ በኒ ዙረይቅ መስጂድ እንዲሮጡ ነበር ያደረጉት። በዘገባው ውስጥ የመጀመሪያው ርቀት አምስት ወይም ስድስት ማይል፣ ሁለተኛው አንድ ማይል ያህል መሆኑ ተጠቅሷል። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) ራሳቸው ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ነበሩ። አቅምን ከአቅም ጋር ማጋጠም ማለት ይህ ነው። ዛሬ በየሰፈሩ ስንት ጊዜ ነው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ «አሥራ ሁለት ነኝ» ብሎ ከሕፃናት ጋር የሚሰለፈው? ፊፋ እንኳ በ2009 ናይጄሪያ ላይ ከተደረገው የ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ጀምሮ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ አጥንት በኤምአርአይ እስከማስመርመር የደረሰው በዚህ ውሸት የተነሳ ነው። በኮዬ ፈጬ ኤምአርአይ የለንም፣ ግን አይናችን አለ። ትልቁን ልጅ ካላባረርነው በስተቀር መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለሁለቱም ቡድን አንድ አንድ ትልቅ ልጅ ማካፈል። ልጆቹ ራሳቸው ይህን ከእኛ በፊት ያውቁት ነበር።

ሁለተኛው እኛን በቀጥታ የሚነካ ነው። ሰለማ ኢብኑል አክወዕ (ረ.ዐ.) እንዳወሩት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የአስለም ጎሣ ሰዎች ቀስት ሲወዳደሩ አገኟቸውና አበረታቷቸው፤ እሳቸውም ከአንደኛው ወገን ጋር እንደሆኑ ነገሯቸው። ያኔ ሌላኛው ወገን መወርወሩን አቆመ። ለምን ሲባሉ፣ እርስዎ ከእነሱ ጋር ሆነው እንዴት እንወረውራለን አሉ። ረሱልም ወርውሩ፣ ከሁላችሁም ጋር ነኝ አሏቸው። አስቡት፤ አንድ ትልቅ ሰው ወደ አንዱ ወገን ማድላቱ ብቻ የሌላውን እጅ ሽባ ያደርጋል። እኛ ደግሞ «ኡስታዝ» እየተባልን ዳር ቆመን ለአንዱ ቡድን እንጮሃለን። ያ የጎን ብሎክ ቡድን ሙስሊምም ክርስቲያንም ልጆች አሉበት፤ እኛን «የመድረሳ ሰዎች» እያሉ ነው የሚያውቁን። ያን ቀን ከመድረሳ ሰዎች የተማሩት ምን ነበር? አል-ማኢዳህ 8 ለሰዎች ያለን ጥላቻ እንኳ ከፍትሕ እንዳያስወጣን ያስጠነቅቃል። እነዚያ ልጆች ደግሞ ጠላቶቻችን አይደሉም፤ የጎረቤት ልጆች ናቸው።

ሦስተኛው ስለ መሸነፍ ነው። አድባእ የምትባለው የረሱል ግመል በውድድር ተቀድማ አታውቅም ነበር። አንድ ቀን አንድ የገጠር ሰው በወጣት ግመሉ መጥቶ ቀደማት። ሰሐቦች በጣም ከፋቸው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ከዱንያ ነገር ከፍ ያለ ሁሉ መልሶ ዝቅ መደረጉ የአላህ ሥርዓት እንደሆነ ነገሯቸው። የገጠሩ ሰው አልተወቀሰም፣ ውድድሩ ይደገም አልተባለም። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ ከዓኢሻ (ረ.ዐ.) ጋር ሮጠው አንዴ ቀድማቸዋለች፣ ሌላ ጊዜ ቀድመዋታል፤ ሁለተኛው ለመጀመሪያው መሆኑንም በጨዋታ ነግረዋታል። ቤት ውስጥ መሸነፍ እንዲህ ቀላል ነበር።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ብለን እንለፍ። ልጆቹ አንዳንድ ጊዜ ሁለቱም ቡድን ብር አዋጥቶ አሸናፊው ይውሰድ ይላሉ። ይህ ቁማር ነው፤ አል-ማኢዳህ 91 ቁማር የሚያመጣውን ጥላቻ ይነግረናል፣ እኛም በብር የተጀመረ ጨዋታ በድንጋይ መወራወር ሲያልቅ አይተናል። ለኳስ መግዣ ማዋጣት ሌላ ነገር ነው። ከውጭ ሰው የሚሰጥ ሽልማት ላይ ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት ስላላቸው ኡስታዞቻችንን ጠይቀን በሌላ እትም እንመለስበታለን፣ ኢንሻአላህ።

«ለምን እናንተ ዳኛ አትሆኑላቸውም?» ያሉን አሉ። አንድ ቅዳሜ ሞክረነው ነበር። ፊሽካ ይዘን ገባን። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ልጆቹ እርስ በርስ መነጋገር አቆሙ፤ ኳስ ባለፈ ቁጥር ፊታቸውን ወደ እኛ ያዞራሉ። ያልተነካው ይወድቃል፣ የነካው እጁን ያነሳል። እውነት መናገር ከእነሱ ትከሻ ወርዶ እኛ ላይ ተጫነ። ከዚያ ወዲህ ጣልቃ የምንገባው ድብድብ ወይም ጉዳት ሲኖር ብቻ ነው። ክርክሩ አምስት ደቂቃ ቢፈጅም ይፍጅ፤ መስማማት ካቃታቸው ኳሷን ደግመው ይጀምራሉ።

ወደ ልጁ እንመለስ። ሁለት ቅዳሜ ሲቀር ቤቱ ሄድን፤ አራተኛ ፎቅ ነው። እናቱ ሻይ አቀረቡልን፣ ምን እንደተፈጠረ እንኳ አልነገራቸውም ነበር። ያን ቀን የጮኸው ወንድማችን ልጁን «አጥፍቻለሁ፤ አንተ ነህ እውነቱን የተናገርከው፤ አፉ በለኝ» አለው። ልጁ መሬት መሬት እያየ ቆየና፣ «እሺ፣ ግን ጎሉ ይቆጠራል?» አለ።

ይህን አላሰብንበትም ነበር። ይቅርታው በቂ መስሎን ነበር። የእሱ ጥያቄ ግን ትክክለኛው ነው፤ የተወሰደ ነገር አለ፣ ይመለሳል ወይስ አይመለስም?

በቀጣዩ ቅዳሜ ከሁሉም ልጆች ፊት የጎን ብሎኩን አምበል ጠርተን ጨዋታው 3 ለ 3 እንደሆነ ነገርነው። ልጁ ሳቀብንና፣ «እኛማ ድሮም 3 ለ 3 ብለን ነው የያዝነው» አለ። ከዚያ ተጫዋች ሲመራረጡ መጀመሪያ የጠራው ያንን የእኛን ተከላካይ ነበር። ልጁም ያን ቀን ከእነሱ ጋር ተሰልፎ ተጫወተ፤ እኛም 4 ለ 1 ተሸነፍን።

አሁን አንድ ሦስት ሜትር ገመድ አለን፤ ከመጀመራቸው በፊትና በዕረፍት ሁለቱም ጎሎች ይለካሉ። በረኞቹ ዛሬም ድንጋዩን ይገፋሉ፤ ግን «ገመድ!» የሚል ጩኸት ሲሰማ ራሳቸው ሮጠው ይመልሱታል። ገመዱን የሚይዘው ያ ልጅ ነው።

መምጣት የምትፈልጉ ወንድሞች ቅዳሜ ዐስርን ካምፓስ ሰግደን ከዋናው በር ላይ እንገናኛለን። ሴት ልጆችም መጫወት ስለጀመሩ እነሱን የሚያጫውቱ እህቶች በጣም ያስፈልጉናል። አሮጌ ኳስ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ፊሽካ ግን አታምጡ።